የተሰወረ ነውር፦ የአሮጌ መኪና ሞተሪኖና የሻጭ ዕዳ

ሞተሪኖ የመኪናን ሞተር ከዕረፍቱ የሚቀሰቅስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስሙ እንደ ካምቢዮና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባ ነው። የሚሠራው በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ዳግመኛ እስኪዞር ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ባለ መኪናው ሞተሪኖውን የሚያስታውሰው እምቢ ባለ ቀን ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ያ ቀን ሲመጣ ምትክ ይፈለጋል፤ ምትኩም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የቀድሞውን ሕመም ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ዞሯል፤ መኪናው ላይ ሲገጠምም አስነሥቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው የከዳው። ጥፋቱ የማን ነው? ሻጩ እያወቀ ደበቀ ወይስ እሱም አላወቀም? አለማወቁስ ከዕዳ ነጻ ያወጣዋል? ጥያቄው ከጋራዥ ይነሣ እንጂ ፈላስፎች፣ የሕግ አዋቂዎችና የሃይማኖት መምህራን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ነው።

ዕቃውና ሕመሙ

ከሞተሪኖ በፊት ሞተር ይነሣ የነበረው ከፊት ለፊት በሚገባ የብረት እጀታ በጉልበት እየተዞረ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ እንደሆነ የአዙሪውን አንጓ ወይም ክንድ ይሰብር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1911 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሠራ፤ ካዲላክም በ1912 ሞዴሉ ላይ ገጠመው። መካኒኮች ዛሬ «ቤንዲክስ» የሚሉት ክፍል ስሙን ያገኘው ከሌላው አሜሪካዊ ፈልሳፊ፣ ከቪንሰንት ቤንዲክስ ነው።

ቁልፉ ሲዞር ሶሌኖይድ የሚባለው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ይሆንና ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቤንዲክሱን ገፍቶ ከሞተሩ ጥርሳም መንኮራኩር፣ ከቮላኖው፣ ጋር ያገናኛል፣ ከባትሪው የሚመጣውን ከባድ ጅረት ደግሞ በመዳብ መገናኛዎቹ በኩል ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። ጅረቱ ካርቦን በሚባሉት ተፋታጊ ቁርጥራጮች አልፎ ወደሚዞረው ክፍል ይገባል። የቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ የናፍጣ ሞተር ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አሟሟት አለው። የመዳብ መገናኛዎቹ ሲቃጠሉ ቁልፉ በተዞረ ቁጥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ካርቦኑ ሲያልቅ ሞተሪኖው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ በመዶሻ መታ ሲያደርጉት የሚነሣው እንዲህ ያለው ነው። ቤንዲክሱ ሲንሸራተት ሞተሪኖው ብቻውን ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይነቃነቅም። ዘንጉን የሚይዘው ቡሽ ሲበላ የሚዞረው ክፍል ከዙሪያው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያባብሳል፤ የመዳብ ሽቦ 50 ዲግሪ በሞቀ ጊዜ ለጅረት ያለው ተቃውሞ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት በብርድ ያስነሣ የነበረ ደካማ ሞተሪኖ ረጅም መንገድ ተነድቶ ከቆመ በኋላ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞተሪኖ የሚሞከረው ብዙ ጊዜ ከባትሪ ጋር በሁለት ገመድ ተገናኝቶ በባዶው እንዲዞር በማድረግ ነው። በባዶው የሚዞር ሞተሪኖ የሚስበው ጅረት ሸክም ሲያዞር ከሚስበው እጅግ ያነሰ ነው፤ በግማሽ የተቃጠለ መገናኛም፣ የሳሳ ካርቦንም፣ የሚንሸራተት ቤንዲክስም ያንን ፈተና ያልፋሉ። የሞተሪኖ እውነተኛ ማንነት የሚታወቀው ሸክም ሲያዞር፣ ሲሞቅ፣ ደጋግሞ ሲሠራ ነው፤ ያ ደግሞ ገንዘብ እጅ ከተለዋወጠ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የምትክ ዓይነቶች

ለአሮጌ መኪና የሚገዛ ሞተሪኖ ከአራቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው መኪናውን የሠራው ድርጅት ወይም ለእሱ የሚያቀርበው ፋብሪካ የሠራው አዲስ ዕቃ ነው፤ ውድ ነው፣ ለቆየ ሞዴል ደግሞ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው በሌላ ፋብሪካ በአምሳያው የተሠራ አዲስ ዕቃ ነው፤ ጥራቱ ከጥሩ እስከ መጥፎ ይለያያል። ሦስተኛው ተፈትቶ፣ የተበላው ተለውጦለት፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ዳግም የተገጠመ ነው። አራተኛው ከተፈታ ወይም ከተጋጨ መኪና ላይ የወረደ፣ እንዳለ የሚሸጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በመርካቶ ሶማሌ ተራ በመለዋወጫ ገበያው የታወቀ ነው፤ አራቱም ዓይነት በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ሊገኝ ይችላል። የአገሪቱ መኪኖች ዕድሜም ፍላጎቱን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ቀድሞ የገባው የቤንዚን መኪና ግን እያረጀም ሥራውን ይቀጥላል፣ ምትክም ይፈልጋል።

ሁለት ትርጉም ያለው ቃል

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ የሚመስል ቃል አለው፤ «ነውር»። ነውር በአንድ በኩል በአንድ ነገር አካል ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት ነውር የሌለበት መሆን አለበት ሲባል ዕውር፣ አንካሳ ወይም ቆሳላ መሆን የለበትም ማለት ነው። በሌላ በኩል ነውር ሰው ሊያፍርበት የሚገባ ድርጊት ነው። አንዱ የዕቃ ነው፣ ሌላው የሰው።

ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል የተጠለሉት በአጋጣሚ አይመስልም። አንካሳ ጠቦት አንካሳ በመሆኑ አልበደለም፤ ባለቤቱም በመንጋው ውስጥ አንካሳ ስለ ተወለደበት አልበደለም። ነቢዩ ሚልክያስ የሚወቅሰው ዕውሩንና አንካሳውን እንደ ደህና ቆጥረው ለመሠዊያ ያቀረቡትን ካህናት ነው። የእንስሳው ነውር የካህኑ ነውር የሆነው ደህና ተብሎ በቀረበበት ቅጽበት ነው። የተቃጠለ መገናኛ ያለው ሞተሪኖም እንዲሁ ነው፤ መቃጠሉ የሥራና የዕድሜ ውጤት ነው። «ምንም አይልም» ተብሎ ሲሸጥ ግን ጉድለቱ ከብረቱ ወደ ሻጩ ይሻገራል።

ዝም ማለትና መደበቅ

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል የሁለት ኢስጦኢክ ፈላስፎችን ክርክር አቅርቧል። ምሳሌው ይህ ነው፤ ሮድስ ደሴት ላይ ረኀብ ገብቷል፤ አንድ ቅን ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ይዞ ደርሷል፤ ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይህን ለገዢዎቹ መንገር አለበት ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? ቀጥሎም ሲሴሮ የተሰወረ ጉድለት ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰው ይጠይቃል።

ባቢሎናዊው ዲዮጋንስ ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ያህል ጉድለት ይናገር፣ ከዚያ አልፎ አይዋሽ፤ የሚያውቀውን ሁሉ መናገር ግን ግዴታው አይደለም ይላል። አለመናገርና መደበቅ ለእሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። ተማሪው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን ሰዎች በተፈጥሮ አንድ ማኅበር ስለሆኑ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ መቅረት የለበትም ይላል። ሲሴሮ ፍርዱን ወደ አንቲጳጥሮስ አዘንብሏል፤ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስ ጥቅም ሲሉ እንዳያውቅ ማድረግ መደበቅ ነው ብሎ።

የሮድሱ ነጋዴና የሞተሪኖው ሻጭ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ነጋዴው ዝም ያለው ስለ ገበያው ነው፤ እህሉ ራሱ ደህና እህል ነው። የሞተሪኖው ሻጭ ዝም የሚለው ስለ ዕቃው ራሱ ነው። ዲዮጋንስ ያቀረበው መከላከያ እንኳ እዚህ ላይ ይላላል፤ ሞተሪኖ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም፣ ለማስነሣቱ ነው። ስለ ማስነሣቱ ዝም ማለት ስለ ተሸጠው ነገር ዝም ማለት ነው።

የሃይማኖቶቹ ፍርድ

ኦሪት ዘሌዋውያን ትክክለኛ ሚዛንና መስፈሪያ ያዝዛል፤ መጽሐፈ ምሳሌም ሐሰተኛ ሚዛንን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ያደርገዋል። ሚዛን ግን የሚለካው የሚታይ ነገር ነው። ስለማይታየው ነገር የአይሁድ ሊቃውንት ይበልጥ ዘርዝረዋል። በተልሙድ የባባ መጺዓ ክፍል የሚሸጥን ሰው፣ እንስሳና ዕቃ ማስዋብ ተከልክሏል፤ ውይይቱ ሲቀጥል ግን አንድ ልዩነት ይወጣል፤ አዲስ ዕቃን ቀለም መቀባት ይፈቀዳል፣ የተከለከለው አሮጌውን አዲስ አስመስሎ መቀባት ነው። ጥቁር ቀለም ተረጭቶበት የሚያብለጨልጭ አሮጌ ሞተሪኖ ፍርዱን እዚያ ያገኛል። እነዚሁ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚጠሩበት ስም «የአእምሮ ስርቆት» የሚል ነው፤ ከሰው የሚሰረቀው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ግምቱ ነው ማለት ነው።

በእስልምና ሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ ሙሐመድ ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ያላደረገው ለምን እንደሆነ ጠየቁት፤ አታላይንም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ። ዝናቡን ሻጩ አላዘነበውም፤ የተወቀሰው በእርጥበቱ አይደለም፣ በአደራደሩ ነው። የእስልምና ሕግም ነውር ያለበት ዕቃ ሳያውቅ ለገዛ ሰው ሽያጩን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል።

በምዕራቡ ክርስትና ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ጉዳዩን በሁለት ከፈለው። ጉድለቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይን ብቻ ካለውና ዋጋውም በዚያው ልክ ከወረደ፣ ሻጩ አፍ አውጥቶ የመናገር ግዴታ የለበትም። ጉድለቱ የተሰወረና ገዢውን የሚጎዳ ከሆነ ግን አለመናገሩ ኃጢአት ነው። በኢትዮጵያም ለዘመናት በዳኝነት ይጠቀስ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጎን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ደንግጓል፤ ንግድ ከነፍስ ጉዳይ ተለይቶ የቆመ ነገር ሆኖ አልታየም።

ሳያውቅ የሸጠ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሚያውቅን ሻጭ ይመለከታል። የሞተሪኖ ገበያ አስቸጋሪነቱ ሻጩ ብዙ ጊዜ በእርግጥ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ ዕቃው ታሽጎ መጥቶ ታሽጎ ይሸጣል።

የሮም ገበያ ሹማምንት የባሪያና የከብት ሽያጭን ሲደነግጉ ሻጩ ጉድለቱን ባያውቅም ተጠያቂ አድርገውታል። ገዢው በስድስት ወር ውስጥ ሽያጩን ማፍረስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ዋጋ ማስቀነስ ይችል ነበር። አኩዊናስ ሁለቱን ነገሮች ይለያል፤ ሳያውቅ የሸጠ ኃጢአት አልሠራም፣ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ግን ገዢውን መካስ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢው ደግሞ ዕቃውን መርምሮ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ፍርዶች የሚወጣው ልዩነት ግልጽ ነው፤ በደልና ዕዳ አንድ አይደሉም። ሳያውቅ የሸጠ ሰው ሐሳቡ ንጹሕ ነው፣ እጁ ግን ባዶ አይደለም፤ የማይገባው ገንዘብ እጁ ላይ ነው። «እኔም ታሽጎ ነው የመጣልኝ» የሚለው መልስ ከበደል ያድነዋል፣ ከዕዳ ግን አያድነውም።

በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል ግን ሦስተኛ ሻጭ አለ፤ እንዳያውቅ የመረጠው። ይህ ሰው ሞተሪኖውን መፍታት ይችል ነበር፣ አልፈታም፤ ሸክም አስይዞ መፈተን ይችል ነበር፣ በባዶው አዞረ። ከዚያም «ተሞክሯል» አለ። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም ዞሯል። ነገር ግን ገዢው «ተሞክሯል» ሲባል የሚሰማው «መኪና ያስነሣል» የሚለውን ነው፤ ሻጩም እንዲህ እንደሚሰማው ያውቃል። ስለ ዕቃው የማያውቅ ሻጭ ስለ ዕውቀቱ መጠን ግን ማወቁ አይቀርም። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ መሸጥ የተሰወረ ጉድለትን ከመደበቅ ጋር አንድ ነው፤ የተደበቀው ጉድለት በራሱ ዕውቀት ውስጥ ያለው ነው።

ርካሽነት ይቅርታ ይሆናል?

የተለመደው መከላከያ ዋጋው ነው፤ ርካሽ የገዛ ሰው ምን ይጠብቃል ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ከተፈታ መኪና የወረደ ሞተሪኖ እንዲህ መሆኑ ተነግሮት በትንሽ ገንዘብ የገዛ ሰው የአዲስ ዕቃ ዕድሜ ሊጠይቅ አይገባውም፤ እንደ አንድ ዓይናው ፈረስ ነው። ነገር ግን ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን አይናገርም። ያው ዋጋ ደህና የታደሰ ዕቃም፣ በአምሳያ የተሠራም፣ ቀለም ብቻ የተቀባም ሊሆን ይችላል። ዋጋ ሲወርድ ገዢው ሊጠይቅ የሚችለው ጥራት ይወርዳል፤ ሊነገረው የሚገባው እውነት ግን አይወርድም። እንዲያውም በብዙ ጊዜ ርካሹን የሚገዛው ሰው እውነቱን አብልጦ የሚፈልገው ነው። የታክሲ ሾፌር መኪናው ካልተነሣ የዕለት ገቢው ይቀራል፤ ለሠራተኛም ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ አንዴ ለመግጠም፣ አንዴ ለመፍታት። ባለ ማንዋል ካምቢዮ መኪና በግፊ ሊነሣ ይችላል፤ አውቶማቲኩ ያ ዕድል እንኳ የለውም።

የዝምታው ጉዳት በአንድ ገዢ አያበቃም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አሜሪካውያን «ሎሚ» የሚሉትን ጉድለተኛ አሮጌ መኪና ምሳሌ አድርጎ ገበያ በተሰወረ ጉድለት እንዴት እንደሚበላሽ አሳይቷል፤ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሐሳቡ ወደ ሞተሪኖ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው። መገናኛውንና ካርቦኑን ለውጦ፣ ቡሹን ገጥሞ፣ በሸክም የፈተነ ባለሙያ በዚያ ዋጋ ይከስራል፤ ቀለም ብቻ የቀባው ያተርፋል። ባለሙያው ከገበያው ይወጣል፤ ሲወጣ የዕቃው አማካይ ጥራት ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ገዢው የሚከፍለው ይቀንሳል። የአንዱ ሻጭ ዝምታ የሌላውን ሻጭ ቅንነት ዋጋ ያሳጣዋል።

«ኦሪጅናል» የሚለው ስም

በመለዋወጫ ገበያ እጅግ ከባድ ሸክም የተጫነው ቃል «ኦሪጅናል» ነው። ቀፎው ከፋብሪካው የመጣ፣ ውስጡ ግን ሁሉ የተለወጠ ሞተሪኖ ኦሪጅናል ነው? ጥያቄው ፕሉታርክ ከጻፈው ከቴሴዎስ መርከብ ጋር አንድ ነው፤ ሳንቃዎቿ አንድ በአንድ የተተኩባት መርከብ የቀድሞዋ መርከብ ናት ወይስ ሌላ የሚለው የፈላስፎች ክርክር። ለፈላስፋ ጥያቄው ሳይዘጋ ሊኖር ይችላል። ለገዢ ግን አሪስጣጣሊስ የተሻለ መንገድ ትቷል፤ የአንድ ነገር ምንነት በሥራው ይታወቃል፣ የማያይ ዓይን ዓይን የሚባለው በስም ብቻ ነው። የማያስነሣ ሞተሪኖም በቀፎው ላይ የየትኛውም ፋብሪካ ስም ቢታተም ሞተሪኖነቱ በስም ነው። በአንጻሩ ውስጡ በጥሩ ዕቃ የተተካ አሮጌ ቀፎ ሥራውን ከሠራ እውነተኛ ነው፤ የሚጎድለው በእውነተኛ ስሙ፣ «የታደሰ» ተብሎ መሸጥ ብቻ ነው።

የገዢና የመካኒክ ድርሻ

ፍትሕ በሻጭ ላይ ብቻ አይወድቅም። ጥሩ ሞተሪኖ በመጥፎ መኪና ላይ ይሞታል። ባትሪው ከደከመ ወይም ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ከዛገ ደህናው ሞተሪኖ እንደ በሽተኛ «ጠቅ» ይላል። የቮላኖው ጥርስ ከተበላ አዲሱን ቤንዲክስ ይበላዋል። ማስነሻው እምቢ ሲል ቁልፉን ይዞ ደጋግሞ ለረጅም ሰከንዶች ማዞር ሽቦውን ያቃጥላል። እነዚህን ሳያጣራ ዕቃውን ወደ ሱቅ መልሶ ሻጩን አታላይ የሚል ገዢም የሰው ስም ያጠፋል፤ በደል በዚህም በኩል አለ።

መካኒኩ በሁለቱ መካከል የሚቆም ምስክር ነው። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሲገጥም የሁለቱንም ውስጥ የማየት ዕድል ያለው እሱ ብቻ ነው። ገዢው ሱቅ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በእሱ ቃል ነው። ከሱቁ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ምስክርነቱ ተሽጧል፤ ቢያንስ መቀበሉን መናገር አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሻጭ ዕዳ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ከውስጡ ምን እንደተለወጠ፣ በምን ዓይነት ፈተና እንዳለፈ መናገር። የማያውቀው ካለ አላውቀውም ማለት። እነዚህ ተነግረው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሆኖ፣ ሞተሪኖው ከሳምንት በኋላ እምቢ ቢል ስለ ገንዘቡ መካሰስ ወይም መካፈል ይቻላል፤ የዋስትና ጊዜና የሕግ አንቀጽ ያሉት ለዚህ ነው። ነውሩ ግን ከብረቱ ወደ ሰው አልተሻገረም፤ የዕቃው ብቻ ሆኖ ይቀራል።